ለፊታውራሪ ያመጣንላቸው ዋንጫ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቀድሞ ተማሪዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ የሚያነሡብኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጋሼ፣ እስቲ ዋንጫ የበላንበትን ዓመት ያጫውቱን» ይሉኛል። ዕድሜዬን ሙሉ በሦስት ከተማ ልጆች አስተምሬአለሁ፤ ስለዚያ የሚጠይቀኝ የለም። «አዎ፣ በላን፤ ሁለት ለአንድ ነው ያሸነፍነው» ስላቸው ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። የቀረውን ለመስማት የቆመ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ስለዚህ ሳልጠየቅ ልጽፈው ተነሣሁ።

የተወለድኩት ሰበታ ነው። አባቴ ከሰሜን መጥቶ ገበያው ዳር ትንሽ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። ኦሮምኛን ማንም አላስተማረኝም፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር የጨርቅ ኳስ ስንራገጥ «ወዲህ በል» የሚባለው በሁለቱም ቋንቋ ስለነበረ አብሮኝ አደገ። ትምህርቴን ስጨርስ የስፖርት አስተማሪ ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩት ሱሉልታ ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም። ስለ ነፋሱ ግን ብዙ ማለት እችላለሁ። ከእንጦጦ ጀርባ የሚወርደው ነፋስ ወደ ላይ የተመታ ኳስ ይዞ ሄዶ ድርቆሽ ክምር ላይ ይጥለዋል። ልጆቹን ኳስ በመሬት፣ ባጭር ባጭሩ እንዲቀባበሉ ያስተማርኳቸው ከብልሃት ብዛት ሳይሆን ኳስ ፍለጋ መሮጥ ስለሰለቸን ነበር።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ሰበታ ወደሚገኝ አንድ ኮሌጅ ተዛወርኩ። መምህራን የሚሠለጥኑበት ኮሌጅ ነው፤ ስሙን መጥራት አልፈልግም። እዚያ የጋሼ ተሰማ ረዳት ሆንኩ።

ጋሼ ተሰማ ከጦር ሠራዊት የወጣ፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ነበር። ስለ ኳስ የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ከእሱ ነው። ከግጥሚያ በፊት ጫማውን አውልቆ በእጁ ይይዝና ሜዳውን ከጥግ እስከ ጥግ በባዶ እግሩ ይዞረዋል። ውሃ የያዘውን ቦታ ሣር ይሸፍነዋል፣ እግር ግን ያገኘዋል ይል ነበር። ዞሮ ሲጨርስ ተከላካዮቹን ጠርቶ «እዚህ ጋ ኳስ ይቆማል፤ ይነጥራል ብላችሁ እንዳትጠብቁ» ብሎ ያሳያቸዋል።

የዚያን ጊዜ ኳስ እንደ ዛሬው አይደለም። ቆዳው ተሰፍቶ ካላማዳሪው፣ የጎማ ፊኛው ማለት ነው፣ በውስጡ ይነፋና አፉ በጠፍር ይታሰራል። ዝናብ ሲጠጣ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ በጠፍሩ በኩል በግንባሩ የመታው ልጅ ቆዳው ተገሽልጦ ይወጣል። ጋሼ ተሰማ ስፌቱን በሞራ እያሸ ውሃ እንዳያስገባ ያደርገው ነበር። ታኬታ ከማድረጋቸው በፊትም ሁሉንም ጫማ አንድ በአንድ ይቀበልና እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ይዳብሳል። የሶሉ ምስማር ሾልኮ እግር የሚወጋበት ጊዜ ነበርና መዶሻው ከኪሱ አይለይም። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ትንፋሻቸው እስኪመለስ አይናገርም። ከዚያ ለእያንዳንዱ በጆሮው አንድ ነገር ብቻ ይነግረዋል። እኔ ዳር ቆሜ ስጮህ ሲሰማኝ «የምትጮኸው ለእነሱ ነው ወይስ ለራስህ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጮኼ አላውቅም።

ገመቹን የመረጠው እሱ ነው። የኮሌጁ ልጆች ሁሉ ተሰልፈው ሲሞከሩ እኔ ኳስ የያዙትን ስከተል ጋሼ ተሰማ ኳስ የሌላቸውን ያይ ነበር። «ያንን ልጅ እየው» አለኝ። «የቱን?» ስለው፣ «ከኳሱ ርቆ የቆመውን። ኳሱ ከመድረሱ በፊት የት እንደሚደርስ አውቆ ነው እዚያ የቆመ» አለኝ። እውነትም ኳሱ ዞሮ ዞሮ እግሩ ሥር መጣ። የሱሉልታ ልጅ ነበር፤ አባቱ ኦቦ ዲንሳ የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነው። ዝምተኛ ነው፤ ሲስቅ እንኳ አፉን በእጁ ይሸፍናል።

የዚያን ዓመት የኮሌጆች ውድድር ስንጀምር የመጀመሪያውን ግጥሚያ በሰፊው ተሸነፍን። ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆች ተጫወቱብን ማለት ይቀላል። ገመቹ ከፊት ለብቻው ቆሞ ኳስ ሳይደርሰው ዋለ። በማግስቱ ጋሼ ተሰማ ከአጥቂዎቹ ኋላ አወረደው። «አንተ እንዲያቀብሉህ አትጠብቅ፤ ሂድና ራስህ አምጣ» አለው። ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰበታ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ተከታትለን አሸነፍን። የገበያ ቀን ሳይቀር ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ፣ ገበሬው አህያውን እንደጫነ ሜዳችን ዳር መቆም ጀመረ። ገመቹ ኳስ ሲይዝ «ኢጆሌ!»፣ ልጆቹ! የሚል ጩኸት ከአንድ ወገን፣ «በለው!» የሚል ከሌላ ወገን ይነሣል። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሥራዬን እንደዚያ ወድጄው አላውቅም።

ያን ጊዜ ነው ፊታውራሪ የመጡት። የኮሌጁ የስፖርት ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነበሩ፤ እስከዚያ ቀን ግን ሜዳ ረግጠው አያውቁም። በላንድሮቨር መጡ፤ ወንበር ከዲሬክተሩ ቢሮ ወጥቶላቸው ተቀመጡ። ስናሸንፍ እንደ ልጅ ዘለሉ። በሳምንቱ ቀይ ማሊያና አዲስ ታኬታ ላኩልን፤ ቀጥሎ ደግሞ ሰንጋ። «ልጆቼ» ይሏቸው ጀመር። ሱሉልታ ላይ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ዓይን እስኪደክም የሚታየው መሬት የእሳቸው ነበር።

አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ገመቹ ወደ ኋላ ቀርቶ ጠበቀኝ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ?»

«በል።»

«አባቴን ልቀቅ ብለውታል።»

«ማነው ያለው?»

«ፊታውራሪ ናቸው። በሬው ሁሉ ይውጣና በትራክተር ይታረሳል ተባለ። ክረምት ሳይገባ ጭሰኞቹ በሙሉ ይነሣሉ።» ይህን ሲለኝ የሚያየው ታኬታውን ነበር፤ ፊታውራሪ የላኩለትን ታኬታ። «አያቴም እዚያው ነው የተወለደው። አባቴ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። እርስዎና ጋሼ ሁልጊዜ አጠገባቸው ትቀመጣላችሁ። አንድ ቃል ብትነግሩልን።»

ለጋሼ ተሰማ ነገርኩት። አላመነታም፤ በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዲስ አበባ ቤታቸው ድረስ ሄድን። ፊታውራሪ በደስታ ተቀበሉን፤ ስለ ቀጣዩ ግጥሚያ ጠየቁን። ጋሼ ተሰማ ግን ቶሎ ወደ ነገሩ ገባ።

«ጌታዬ፣ የገመቹ አባት ሱሉልታ ላይ የእርስዎ ጭሰኛ ነው።»

«የቱ ገመቹ? ያ ግስላው?» ሳቁ። «የኔ ሰው ልጅ ነዋ! እስከ ዛሬ ለምን ደበቃችሁኝ?»

«ልቀቅ ተብሏል። ሽማግሌ ነው፤ መሄጃ የለውም። እርሻው ቢቀር ቤቱንና ጓሮውን ይተዉለት ብለን ነው የመጣን።»

ፊታውራሪ እጃቸውን ጋሼ ተሰማ ትከሻ ላይ ጣሉ። «ተሰማ፣ አንተ ወታደር ነህ። ነገር በተራ በተራው ነው። መጀመሪያ ዋንጫውን አምጡልኝ። ከዚያ በኋላ የዚያ ልጅ አባት ለኔም አባቴ ነው።»

እጅ ነሥተን ወጣን።  አውቶቡሱ ዓለም ገና ሲደርስ ጋሼ ተሰማ ዘወር ብሎ፣ «ቃል ሰጡን ወይስ አልሰጡንም?» አለኝ።

«ሰጡን እንጂ» አልኩት።

«እንግዲያው አንተ ንገረው። እኔ አልነግረውም።»

የተባለውን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ለገመቹ ነገርኩት። ደጋግሞ አመሰገነኝ፤ እጄን ሊስም ሁሉ ጎንበስ ብሎ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጨዋወቱ ተለወጠ። ድሮ ለጓደኞቹ የሚሰጠውን ኳስ አሁን ይዞ ይሄዳል። ሲወድቅ ወዲያው ይነሣል፤ ሲመቱት አያይም። ጎል ሲያገባ ሌሎቹ ሲጨፍሩ እሱ ኳሱን ከመረብ አውጥቶ ወደ መሐል ይሮጣል። ሰዉ «ጀግና» አለው። ጋሼ ተሰማ ግን ዳር ቆሞ እያየው፣ «ይህ ልጅ እየተጫወተ አይደለም፤ እየገበረ ነው» አለኝ።

ለፍጻሜ ባሳለፈን ግጥሚያ ቁርጭምጭሚቱን ተመትቶ እግሩ አበጠ። ጋሼ ተሰማ ለብ ባለ ውሃና ጨው ሲያሸው ከረመ። «ይከልክሉት፣ አያሰልፈው» ብለው ዲሬክተሩን የለመኑ አስተማሪዎች ነበሩ። ፊታውራሪ ግን መልእክት ልከው ነበር፤ ልጁ እንዲሰለፍ። ገመቹን ራሱን ብንጠይቀው «ምንም አልሆንኩም» አለን። ሁላችንም እንዳልዳነ እናያለን።

የፍጻሜው ዕለት አዲስ አበባ ዝናብ ጥሎ ሜዳው ጭቃ ሆኖ ነበር። መጀመሪያ አገቡብን። ከእረፍት በኋላ አቻ ሆንን፤ ሊያልቅ ሲል ገመቹ ሁለተኛውን አገባ። ዋንጫውን ከክብር እንግዳው የተቀበለው አምበላችን ቢሆንም ወደ ላይ ያነሡት ፊታውራሪ ናቸው። ገመቹን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በጭቃው እንዳለ አቀፉት። ካባቸው ተበላሸ፤ ግድ አላላቸውም። «አባትህን ሰላም በልልኝ!» አሉት። ልጁ አለቀሰ። እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ። ነገሩ አለቀ፣ ሰውየው ቃላቸውን አከበሩ ብዬ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ለቡድኑ ግብዣ ተደረገ፤ ሱሉልታ፣ እርሻቸው ላይ። ኮሌጁ አውቶቡስ ተከራየ። ዲሬክተሩ ከፊት ተቀመጡ፤ ልጆቹ ከሰበታ እስከ እንጦጦ ሲዘፍኑ ሄዱ። ቁልቁለቱን ወርደን ሜዳው ሲገለጥ ገመቹ ከሾፌሩ ኋላ ቆመ። ቤታቸውን ሊያሳየን ነው። «ያ ባሕር ዛፍ የሚታየው ጋ» አለ። 

ባሕር ዛፉ ነበር። ከሥሩ የቆሙት ጎጆዎች ግን ክዳናቸው ወርዷል። ግድግዳው ተገፍቶ ማገሩ አንድ ቦታ ተከምሯል። የትራክተሩ ትልም ጥቁሩን አፈር እየገለበጠ እስከ ደጃፉ መጥቷል። አንድ ሽማግሌ በተጠቀለለ ቁርበት ላይ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ባለቤታቸው እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች ይዘው ቆመዋል።

«አቁምልኝ» አለ ገመቹ።

እሱና እኔ፣ ጋሼ ተሰማም ወረድን። ኦቦ ዲንሳን ያየኋቸው ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። «አካም ጅርቱ?» አልኳቸው፤ ከአፌ ሲወጣ አፈርኩ። እንዴት ሊሆኑ ነው? እሳቸው ግን በሥርዓት ተነሥተው «ፈያ፣ ገለተ ዋቃ»፣ ደህና፣ ምስጋና ለአምላክ ብለው መለሱልኝ።

«መቼ ነው?» አላቸው ገመቹ።

«ሐሙስ መጡ። የፊታውራሪ ምስለኔ ራሱ ነበር። 'ልጅህ ዋንጫ በላ፣ እንኳን ደስ ያለህ' አለኝ።» ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ክዳኑን እያወረዱ ነው እንግዲህ ይህን የሚለኝ።»

ዲሬክተሩ በአውቶቡሱ መስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ «ፊታውራሪ እየጠበቁን ነው፤ ይህን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን!» አሉ።  አውቶቡሱ ልጆቹን ይዞ ሄደ። ልጆቹን አልወቅሳቸውም፤ በመስኮት ወደ ኋላ እያዩ ነው የሄዱት።

ገመቹ ከአባቱ ጋር ቀረ። እኔና ጋሼ ተሰማ በእግራችን ወደ ግብዣው ሄድን። ድንኳን ተጥሏል፤ ብርንዶ ተሰቅሏል፤ ዋንጫው በነጭ ጨርቅ ላይ መሐል ጠረጴዛ ተቀምጧል። ጋሼ ተሰማ ጭቃ የያዘ ጫማውን እንዳደረገ በቀጥታ ፊታውራሪ ፊት ቆመ።

«ጌታዬ፣ ዋንጫውን አምጥተናል።»

«አምጥታችኋል እንጂ! እየው፣ እንዴት እንደሚያምር!»

«ቃልዎን ልቀበል ነው የመጣሁት።»

«የምን ቃል?»

 እኔ ቀደም ብዬ ተናገርኩ። «ስለ ገመቹ አባት ያሉንን ነው። እኔም ነበርኩ፤ ሰምቻለሁ።»

ፊታውራሪ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የያዙትን ሥጋ ቆርጠው ጎረሱና በትዕግሥት፣ ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው፣ «ክረምት ሊገባ ነው፤ ትራክተር ሰው እስኪሰናዳ ቆሞ አይጠብቅም» አሉ። «ለልጁ አትዘኑ፤ እሱን እኔ አስተምረዋለሁ። አሁን ተቀመጡና ብሉ።»

«አልበላም» አለ ጋሼ ተሰማ።

በዚያ ድንኳን ውስጥ ከዚያ በፊት ይህን ቃል የሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዲሬክተሩ ክንዱን ሊይዙት ሞከሩ፤ ገፍቷቸው ወጣ። እኔም ተከትዬው ወጣሁ። እስከ ከተማው በእግራችን ስንሄድ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ «ብንሸነፍ ኖሮ ባይሆን በኳሱ አመካኝ ነበር።»

ከዚያ የሆነው ባጭሩ ይኸው ነው። ጋሼ ተሰማ አርጅተሃል ተብሎ ተሰናበተ። ተፍኪ ከተማ ወንድሙ ቤት ገብቶ ወፍጮ ይጠብቅ ነበር፤ ልጠይቀው ስሄድ ስለ ኳስ ማውራት አይፈልግም ነበር። እኔ ቡራዩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። ገመቹ ወደ ኮሌጁ አልተመለሰም፤ በመቅረት ብዛት ከተማሪነት ተሰረዘ ተባለ። ዋንጫው ዲሬክተሩ ቢሮ ተቀመጠ፤ ከበላዩ ፎቶግራፉ፣ መሐሉ ላይ ፊታውራሪ። በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ ገና ከመጀመሪያው ዙር ወደቀ። ፊታውራሪም ሜዳ መምጣት ተዉ።

ቡራዩ ሳለሁ ነው ኦቦ ዲንሳን እንደገና ያገኘኋቸው። በአምቦ መንገድ ዳር ድንጋይ የሚፈለጥበት ቦታ አለ፤ ከትምህርት ቤት ስወጣ በዚያ አልፋለሁ። ድንጋይ በመዶሻ እየሰባበሩ ጠጠር ከሚያወጡት ሰዎች መሐል አንዱ ቀና ብሎ አየኝ። አወቅኳቸው። ሄጄ ሰላም አልኳቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ገመቹ እንዴት ነው?»

«የለም» አሉ። የወጣ መስሎኝ «ወዴት ሄደ?» አልኳቸው። «አዋሽ ወርዶ ጥጥ እርሻ ገባ። እዚያው ወባ ያዘው። ቀብረነዋል ብለው ነው የላኩብኝ፤ መቃብሩን አላየሁትም።»

  እሳቸው መዶሻቸውን አነሡ፤ ጥቂት መቱና መልሰው አስቀመጡት።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔ ሲጫወት አይቼው አላውቅም። ጫማ ጨረስክ፣ ሥራ ፈታህ እያልኩ ስቆጣው ነው የኖርኩት። ሰዉ ሁሉ ስለ እሱ ያወራል። ምንድን ነበር የሚያደርገው?»

የፍጻሜውን ሁለተኛ ጎል በኦሮምኛ ነገርኳቸው። በቃል አልሆን ሲለኝ ጠጠር ለቀም አድርጌ መሬት ላይ ደረደርኩ። ይህ በረኛው ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ተከላካዮች ናቸው፤ ይህቺ ገመቹ ናት። ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ እንደቆመ ኳሱ መጣለት አልኳቸው። አላቆመውም፤ በእግሮቹ መሐል አሳልፎ ዞረ፤ ሁለቱም ተከላካዮች ጭቃው ላይ ተንሸራተው ወደቁ። በረኛው ወጣበት። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ጊዜ ይመታዋል፤ ገመቹ ግን ጠበቀ። በረኛው መሬት እስኪወርድ ጠበቀና ቀስ ብሎ በላዩ አሳለፈው።

«በየትኛው እግሩ?» አሉኝ።

«በግራው።»

ኦቦ ዲንሳ ጠጠሮቹን ትኩር ብለው አዩአቸው። «ሕፃን ሆኖ ላም ረግጣበት ነበር፤ ግራውን» አሉ። «ወጌሻው አሽቶ አሽቶ 'ይህ ልጅ ሲያነክስ ይኖራል' ብሎኝ ነበር።» የገዛ እግራቸውን ጉልበት በእጃቸው ያዙ። ከዚያ ትንሿን ጠጠር አንሥተው መጀመሪያ ወደነበረችበት መለሷት።

«እስቲ እንደገና ንገረኝ» አሉኝ።

ሌሎቹንም በየቦታቸው መልሼ ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው።